የወራጅ ርዝመትና የጣሪያ ተዳፋት ስሌት፦ በቢስቲማና በአካባቢዋ ለሚሠሩ የባሕር ዛፍ ቤቶች

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በደቡብ ወሎ የገጠር ከተሞች የሚሠሩ አብዛኞቹ አነስተኛ መኖሪያ ቤቶች በባሕር ዛፍ ቋሚና ወራጅ ቆመው በቆርቆሮ የሚከደኑ ናቸው። የጣሪያው ተዳፋትና የወራጁ ርዝመት ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በአናጺው የዓይን ልክና ልምድ ነው። ይህ ጽሑፍ 6 በ8 ሜትር የሆነ የናሙና ቤት በመውሰድ ተዳፋትን፣ የወራጅ ርዝመትን፣ የታዛን ስፋትና የቆርቆሮን ቁጥር በአንድነት የሚያያይዝ ቀላል ስሌት ያቀርባል። ከስሌቱ እንደሚታየው፣ ወጪ ለመቀነስ ተብሎ ጣሪያን ከ20° ወደ 10° ዝቅ ማድረግ በናሙናው ቤት አንዲት ቆርቆሮ እንኳ አያተርፍም። ስለዚህ ተዳፋት መመረጥ ያለበት ከቆርቆሮው ርዝመት በመነሣት ነው የሚል መደምደሚያ ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ ወራጅ፣ ተዳፋት፣ ታዛ፣ ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍ፣ ቢስቲማ

1. መግቢያ

ቢስቲማ በደቡብ ወሎ ዞን የወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በምዕራብ ከተሁለደሬ፣ በምሥራቅ ደግሞ ከአፋር ክልል ጋር ስለሚዋሰን ከከፍታው ወደ ቆላው የሚወርድ መልክዐ ምድር አለው። እንደ ሌላው የደቡብ ወሎ አካባቢ ሁሉ የበልግና የክረምት ዝናብ ያገኛል። በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ዝናብ ከነፋስና አልፎ አልፎም ከበረዶ ጋር የሚመጣ በመሆኑ የአንድ ቤት ጣሪያ የሚፈተነው በእነዚህ ወራት ነው።

በአካባቢው የቆየው የሣር ክዳን ጎጆ ቤት ለዚህ ዝናብ የራሱ መልስ ነበረው። ሣር ውኃን የሚያወርደው ጠብታው ከአንዱ አገዳ ወደ ሌላው እየተላለፈ ስለሆነ፣ ተዳፋቱ ካልበረታ ውኃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በዚህም ምክንያት የሣር ጣሪያ 45° እና ከዚያ በላይ ቀጥ እንዲል ይፈለጋል። በ45° ደግሞ የጣሪያው ከፍታ ከቤቱ ግማሽ ስፋት ጋር እኩል ይሆናል። ግማሽ ስፋቱን በገመድ ለክቶ ያንኑ ገመድ በምሰሶው ላይ ወደ ላይ ማንሣት ብቻ ይበቃል፤ ቁጥር መጻፍ አያስፈልግም።

የባሕር ዛፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሪቱ ከገባ ወዲህና የቆርቆሮ ክዳን ከተለመደ በኋላ የቤቱ ቅርጽ ከክብ ወደ አራት ማዕዘን ተለወጠ። ቆርቆሮ ውኃ የማያሰርግ በመሆኑ የተዳፋቱ ምርጫ ሰፋ፤ ገመድ በማንሣት ብቻ የሚፈታው ስሌትም አብሮ ጠፋ። ዛሬ አንድ አናጺ 8° ጣሪያም 35° ጣሪያም ሊሠራ ይችላል። የትኛውን እንደሚመርጥና ምርጫው ባለቤቱን ምን እንደሚያስወጣው የሚነግረው ግን የአሠራር ልምዱ ብቻ ነው።

ጉዳዩ ለሕግ ባለሙያም ሆነ ለመሐንዲስ የሚቀርብበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በሁለት ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤትን በምድብ «ሀ» ያስቀምጠዋል፤ ይህም ቀላሉ ምድብ ነው። እንግዲህ እዚህ የሚታየው ዓይነት ቤት ዋና ስሌት የሚወድቀው በአናጺው ትከሻ ላይ ነው። ስሕተቱ የሚያርፈው ደግሞ በባለቤቱ ኪስ ላይ ነው፤ አንዴ አጥሮ የተቆረጠ ወራጅ አይረዝምም፣ የተበሳ ቆርቆሮም ወደ ሱቅ አይመለስም።

2. የስሌቱ መሠረት

2.1 ሦስቱ ልኮች

ሁለት ወገን የሚያፈስ ጣሪያ ከፊት ለፊት ሲታይ በመካከሉ ቀጥ ያለ መሥመር ቢወርድበት ሁለት እኩል ቀጤ ጎነ ሦስቶች ይሆናል። እያንዳንዱ ጎነ ሦስት ሦስት ልኮች አሉት።

ግማሽ ስፋት (ግ)፦ ከግድግዳው ውጫዊ ጠርዝ እስከ ቤቱ መካከል ያለው የአግድም ርቀት።
ከፍታ (ከ)፦ ወራጁ በግድግዳው ራስ ላይ ከሚያርፍበት ደረጃ እስከ ጣሪያው ጫፍ ያለው የቁም ርቀት።
ወራጅ (ወ)፦ ሁለቱን የሚያገናኘው አስተላላፊ መሥመር።

በፓይታጎረስ ሕግ መሠረት፦

ወ² = ግ² + ከ²

ስለዚህ ግማሽ ስፋቱና ከፍታው ከታወቁ የወራጁ ርዝመት የሁለቱ ካሬዎች ድምር ስኩዌር ሩት ነው። የሚታወቀው የተዳፋቱ ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ከፍታው ግማሽ ስፋቱ በዲግሪው ታንጀንት ተባዝቶ፣ ወራጁም ግማሽ ስፋቱ ለዲግሪው ኮሳይን ተካፍሎ ይገኛል።

2.2 ተዳፋትን የመግለጫ መንገዶችና የሚያስከትሉት ግራ መጋባት

አንድ ተዳፋት ቢያንስ በአራት መንገድ ሊነገር ይችላል። በዲግሪ፣ በመቶኛ፣ «በአንድ ሜትር ይህን ያህል ሳንቲ ሜትር» በሚል የሥራ ቦታ አነጋገር፣ እንዲሁም በአሜሪካውያን ልማድ በ12 ኢንች አግድም ስንት ኢንች እንደሚነሣ በመቁጠር። የመጨረሻው መንገድ ከውጭ አገር በሚመጡ የሙያ መጻሕፍትና የማስተማሪያ ፊልሞች በኩል ወደ ወጣት አናጺዎች ደርሷል። «4 በ12» የሚባለው ተዳፋት በአንድ ሜትር 33 ሳንቲ ሜትር የሚነሣ ሲሆን 18.4° ገደማ ነው።

በተግባር ብዙ ጥፋት የሚያስከትለው ዲግሪንና መቶኛን ማቀያየር ነው። 20° ማለት 36.4% ነው፤ 20% ማለት ደግሞ 11.3° ብቻ ነው። ግማሽ ስፋቱ 3 ሜትር በሆነ ቤት ላይ በንድፉ የተጻፈው 20° ሆኖ አናጺው 20% ብሎ ቢያነበው፣ ከፍታው 1.09 ሜትር መሆን ሲገባው 0.60 ሜትር ይሆናል። የ49 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ቤቱን ወደ ሌላ ዓይነት ጣሪያ ይለውጠዋል። ሁለተኛው ግራ መጋባት ከፍታውን ለሙሉ ስፋት ማካፈል ነው። ስሌቱ የሚሠራው በግማሽ ስፋት ሲሆን፣ ሙሉ ስፋቱ ከተወሰደ ተዳፋቱ በግማሽ ያነሰ መስሎ ይታያል።

ለእነዚህ ሁለት ችግሮች የሚሻለው መፍትሔ በንድፉም በሥራ ቦታውም «በአንድ ሜትር ሳንቲ ሜትር» የሚለውን አነጋገር መጠቀም ነው። «በሜትር 36 ሳንቲ ሜትር» ሲባል የሚሳሳት የለም፤ በውኃ ልክና በሜትር ወዲያው ሊረጋገጥም ይችላል።

ሠንጠረዥ 1፦ ግማሽ ስፋቱ 3 ሜትር ለሆነ ቤት (ታዛን ሳይጨምር)

| ተዳፋት | በ1 ሜትር የሚነሣው | የወራጅ ማባዣ | ከፍታ | የወራጅ ርዝመት |
|---|---|---|---|---|
| 10° | 17.6 ሳ.ሜ. | 1.015 | 0.53 ሜ. | 3.05 ሜ. |
| 15° | 26.8 ሳ.ሜ. | 1.035 | 0.80 ሜ. | 3.11 ሜ. |
| 20° | 36.4 ሳ.ሜ. | 1.064 | 1.09 ሜ. | 3.19 ሜ. |
| 25° | 46.6 ሳ.ሜ. | 1.103 | 1.40 ሜ. | 3.31 ሜ. |
| 30° | 57.7 ሳ.ሜ. | 1.155 | 1.73 ሜ. | 3.46 ሜ. |
| 45° | 100 ሳ.ሜ. | 1.414 | 3.00 ሜ. | 4.24 ሜ. |

የሠንጠረዡ ሦስተኛ ዓምድ ለአናጺ ከሁሉም የሚጠቅመው ነው። ማንኛውም የአግድም ርቀት በዚያ ቁጥር ሲባዛ በተዳፋቱ ላይ ያለው ርዝመት ይገኛል፤ ለወራጅም፣ ለታዛም፣ ለጣሪያው አጠቃላይ ስፋትም ያገለግላል። ከዓምዱ ሌላም ነገር ይነበባል። ማባዣው ከ10° እስከ 20° ድረስ በጣም በዝግታ ያድጋል፤ ጭማሪው ከ5% በታች ነው። ከ30° በኋላ ግን ፈጥኖ ይወጣል፤ በ45° የሚፈለገው ርዝመት ከአግድሙ 41% ይበልጣል። ተዳፋት መጨመር ሁልጊዜ ውድ ነው የሚለው እምነት ለዝቅተኛ ዲግሪዎች እንደማይሠራ ከዚህ ይታያል።

3. የናሙናው ቤት ስሌት

ለትንተናው የተወሰደው ቤት ለስሌት እንዲመች የታሰበ ሲሆን የውጭ ስፋቱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሜትር ነው። ታዛው በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች 60 ሳ.ሜ.፣ በሁለቱ አጫጭር ጎኖች 50 ሳ.ሜ. ነው። ቆርቆሮው 2 ሜትር ርዝመት አለው፤ ከጎን መደራረቢያው ሲቀነስ የሚሸፍነው ስፋት 75 ሳ.ሜ. ተብሎ ተወስዷል።

3.1 ከወራጅ በፊት፦ የቤቱን ማዕዘን ማረጋገጥ

የወራጅ ስሌት የቆመው ቤቱ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው በሚለው ግምት ላይ ነው። በባሕር ዛፍ ቋሚ የተሠራ ቤት ጭቃ ከመመረጉ በፊትም ሊያጋድል ስለሚችል ግምቱ መረጋገጥ አለበት። 6 በ8 ሜትር የሆነ ቤት እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ 6² + 8² = 36 + 64 = 100 ስለሆነ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ያለው ርቀት ልክ 10 ሜትር ይሆናል። ሁለቱም አስተላላፊ ልኮች 10 ሜትር ካልመጡ ቤቱ ተዛብቷል ማለት ነው፤ ይህም በወራጅ ሳይሆን በቋሚዎቹ ላይ መስተካከል አለበት።

ቀጥሎ ስፋቱ በግድግዳው ራስ ላይ ቢያንስ በሦስት ቦታ ይለካል፤ በሁለቱ ጫፎችና በመካከል። ልኩ የሚወሰደው ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ነው። ውስጡን የሚለካ አናጺ የግድግዳውን ውፍረት ያጣል፤ የእያንዳንዱ ግድግዳ ውፍረት 15 ሳ.ሜ. ከሆነ ግማሽ ስፋቱ በ15 ሳ.ሜ. ያጥርበታል፣ ወራጁም በ20° ተዳፋት 16 ሳ.ሜ. ገደማ ያንሳል።

3.2 ርዝመቱ

ተዳፋቱ 20° ቢሆን፦

ከፍታ = 3.00 × 0.364 = 1.092 ሜትር
ወራጅ እስከ ግድግዳ = 3.00 × 1.064 = 3.192 ሜትር
የታዛ ክፍል = 0.60 × 1.064 = 0.638 ሜትር
ጠቅላላ ወራጅ = 3.83 ሜትር

በፓይታጎረስ ሲፈተሽ 3.00² + 1.092² = 10.19፤ ስኩዌር ሩቱ 3.19 ይሆናል። ሁለቱ መንገዶች ተስማምተዋል።

ለአቆራረጥ ከ10 እስከ 12 ሳ.ሜ. ትርፍ ቢያዝ ባለ 4 ሜትር የባሕር ዛፍ ዘንግ ይበቃል። በ30° ግን ጠቅላላው ወራጅ 4.16 ሜትር ስለሚሆን ባለ 4 ሜትር ዘንግ አይደርስም። በገበያ የሚገኘው የዘንግ ርዝመት ራሱ ለተዳፋት ምርጫ ወሰን መሆኑን ይህ ያሳያል።

ወራጆቹ በጫፉ ላይ 5 ሳ.ሜ. ውፍረት ባለው ጣውላ ግራና ቀኝ የሚገጥሙ ከሆነ የጣውላው ግማሽ፣ ማለትም 2.5 ሳ.ሜ.፣ ከግማሽ ስፋቱ ይቀነሳል። በተዳፋቱ ላይ ሲሰላ 2.7 ሳ.ሜ. ገደማ ነው። ወራጁ በግድግዳው ራስ ላይ በሚያርፍበት ቦታ የሚወጣው የማረፊያ ቁርጥ ደግሞ ከወራጁ ውፍረት አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም፤ 9 ሳ.ሜ. ውፍረት ባለው ዘንግ ላይ ከ3 ሳ.ሜ. በላይ ከተቆረጠ ታዛውን የሚሸከመው ክፍል ይዳከማል።

ታዛ የሚያስረዝመው ወራጁን ብቻ አይደለም፤ የጣሪያውን ጠርዝም ዝቅ ያደርጋል። 60 ሳ.ሜ. የሆነ ታዛ በ20° ከግድግዳው ራስ በታች 22 ሳ.ሜ. ይወርዳል። የበሩ ከፍታ ይህ ካልታሰበበት ከበሩ የሚወጣ ሰው ግንባሩን ከቆርቆሮ ጠርዝ ጋር ያጋጫል። በጭቃ ቤት ታዛን ማሳጠር ደግሞ መፍትሔ አይሆንም፤ ግድግዳውን ከዝናብ የሚጠብቀው እሱ ነውና።

3.3 ከቆርቆሮው ወደ ጣሪያው

የተለመደው አካሄድ መጀመሪያ ጣሪያውን ማቆም፣ ከዚያ ቆርቆሮ መቁጠር ነው። የናሙናው ስሌት የሚያሳየው ግን ተቃራኒው አካሄድ የተሻለ መሆኑን ነው።

ሁለት ቆርቆሮዎች ከላይና ከታች በ15 ሳ.ሜ. ተደራርበው ሲቀመጡ 3.85 ሜትር ይሸፍናሉ። ከዚህ ውስጥ 5 ሳ.ሜ. ውኃው ወደ አሸንዳ እንዲገባ ከወራጁ ጫፍ ያልፋል። የሚቀረው 3.80 ሜትር ነው። ወራጁ 3.83 ሜትር ስለሆነ በጣሪያው ጫፍ በኩል 3 ሳ.ሜ. ክፍት ይቀራል፤ ይህም በጫፍ ክዳኑ የሚሸፈን ነው። ሁለት ቆርቆሮ ያለ ቁራጭና ያለ ብክነት ይበቃል። መደራረቢያው ከወራጁ የታች ጫፍ ከ1.80 እስከ 1.95 ሜትር ባለው ቦታ ላይ ስለሚውል አንዱ ሞራሌ በዚያ መካከል፣ በ1.87 ሜትር ገደማ፣ መቀመጥ አለበት። ሞራሌው ቀድሞ በሌላ ቦታ ከተመታ መደራረቢያው አየር ላይ ይቀራል፤ ነፋስም የሚያነሣው ከዚያ ነው።

ተዳፋቱ ወደ 25° ቢወጣስ? ጠቅላላው ወራጅ 3.97 ሜትር ይሆናል፤ በጫፉ 17 ሳ.ሜ. ክፍት ይቀራል። ይህን ለመሸፈን ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው በየወገኑ ተጨማሪ የቁራጭ ረድፍ መደርደር ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከመደራረቢያው ጋር 32 ሳ.ሜ. ስለሚፈልግ ከአንድ ቆርቆሮ 6 ቁራጭ ይወጣል፤ ለሁለቱ ወገን 24 ቁራጭ ስለሚያስፈልግ 4 ተጨማሪ ቆርቆሮ ይወስዳል። ከወጪው ይልቅ የሚያሳስበው በየወገኑ አንድ ተጨማሪ መጋጠሚያ መፈጠሩ ነው። ሁለተኛው አማራጭ ታዛውን ከ60 ወደ 47 ሳ.ሜ. ማሳጠር ነው።

ተዳፋቱ ወደ 10° ቢወርድስ? ወራጁ 3.66 ሜትር ይሆናል፤ ከ20°ው የሚያንሰው በ17 ሳ.ሜ. ብቻ ነው። አንድ ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ ስለማይበቃው አሁንም ሁለት ያስፈልገዋል። የጣሪያው ርዝመት ከነታዛው 9 ሜትር ስለሆነ በአንድ ረድፍ 12 ቆርቆሮ፣ በሁለት ረድፍና በሁለት ወገን 48 ቆርቆሮ ይወጣል። በ10° ጣሪያ 48፣ በ20° ጣሪያም 48።

3.4 ዝቅተኛ ጣሪያ የሚያተርፈው ምንድን ነው?

ዝቅ ያለ ጣሪያ ምንም አያተርፍም ማለት ግን ትክክል አይሆንም። ወራጆች በ80 ሳ.ሜ. ልዩነት ቢቆሙ በ8 ሜትር ርዝመት 11 ጥንድ፣ ማለትም 22 ወራጅ ያስፈልጋል። በየወራጁ 17.5 ሳ.ሜ. ቢተርፍ ድምሩ 3.9 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ባለ 4 ሜትር ዘንግ አይበልጥም። ያውም ትርፉ በየዘንጉ ጫፍ የሚቀር ቁራጭ እንጂ ሙሉ ዘንግ አይደለም። ዋናው ቁጠባ ያለው በሁለቱ አጫጭር ጎኖች ላይ ባለው የሦስት ማዕዘን ግድግዳ ላይ ነው። በ20° ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖች 6.55 ካሬ ሜትር፣ በ10° ደግሞ 3.17 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። 3.4 ካሬ ሜትር ገደማ ማገር፣ ጭቃና ምርጊት ይተርፋል።

በምትኩ የሚከፈለው ዋጋ ከዚህ ይበልጣል። በዝቅተኛ ተዳፋት ውኃ በቀስታ ስለሚወርድ ነፋስ ወደ መደራረቢያው መልሶ ሊገፋው ይችላል፤ ስለዚህ መደራረቢያው ሊሰፋና ሊታሸግ ይገባል። ቅጠልና አቧራ በቆርቆሮው ሸለቆ ውስጥ ተከማችተው እርጥበት ይይዛሉ፤ ዝገትም ከዚያ ይጀምራል። ነፋስ በዝቅተኛ ጣሪያ ላይ ሲያልፍ ከመጫን ይልቅ ወደ ላይ ይስባል፤ ቆርቆሮም ከሣር በጣም የቀለለ በመሆኑ የራሱ ክብደት አይይዘውም። ወራጁ በግድግዳው ራስ ላይ በሚስማር ብቻ ሳይሆን በሽቦ ጭምር ታስሮ ቋሚውን እንዲይዝ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። የቆርቆሮ ሚስማርም ከማዕበሉ ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ ከሚወርድበት ሸለቆ ላይ መመታት የለበትም።

4. በአራት ወገን የሚያፈስ ጣሪያ

በሁሉም ጎን ታዛ እንዲኖር ሲፈለግ ጣሪያው በአራት ወገን እንዲያፈስ ይደረጋል። የሦስት ማዕዘን ግድግዳ ስለሚቀር የጭቃ ሥራው ይቀንሳል፤ የወራጅ ስሌቱ ግን አንድ ደረጃ ይጨምራል። ከማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጫፍ የሚወጣው የማዕዘን ወራጅ በአግድም ሲታይ 3 በ3 ሜትር የሆነ ካሬን አስተላልፎ ያቋርጣል፤ ርቀቱ 4.24 ሜትር ነው። ከፍታው እንደ ሌሎቹ 1.092 ሜትር ስለሆነ፦

የማዕዘን ወራጅ = √(4.24² + 1.092²) = 4.38 ሜትር (ታዛን ሳይጨምር)

የዚህ ወራጅ ተዳፋት 20° ሳይሆን 14.4° ገደማ ነው። የሌሎቹን ወራጆች የቁርጥ ማዕዘን በማዕዘን ወራጁ ላይ የሚደግም አናጺ ጫፉ እንደማይገጥምለት የሚያየው ከቆረጠው በኋላ ነው።

ከማዕዘን ወራጁ ላይ የሚያርፉት አጫጭር ወራጆች ግን ቀላል ሕግ አላቸው፤ እኩል ርቀት ከተሰጣቸው በእኩል ልክ ያጥራሉ። ልዩነታቸው 75 ሳ.ሜ. ቢሆን እያንዳንዱ ከቀደመው በ0.75 × 1.064 = 0.80 ሜትር ያንሳል፤ ርዝመታቸውም 3.19፣ 2.39፣ 1.60 እና 0.80 ሜትር ይሆናል። 2.39 እና 0.80 ሲደመሩ 3.19 ስለሚሆኑ ሁለቱ ከአንድ ዘንግ፣ ሁለቱ ባለ 1.60 ወራጆችም ከሌላ አንድ ዘንግ ሊወጡ ይችላሉ። ታዛው በየወራጁ ላይ ሲጨመር ይህ አቆራረጥ እንደገና መሰላት አለበት።

5. በሥራ ቦታ ስሌቱን መጠበቅ

ትክክለኛ ስሌት በአቆራረጥ ሊበላሽ ይችላል። የመጀመሪያው አደጋ ከቅጂ ቅጂ መውሰድ ነው። ሁለተኛው ወራጅ በመጀመሪያው ላይ፣ ሦስተኛው በሁለተኛው ላይ እየተለካ ሲቆረጥ የእርሳሱና የመጋዙ ውፍረት ይደማመራል። በእያንዳንዱ 3 ሚሊ ሜትር ቢጨመር አሥራ አንደኛው ጥንድ ከመጀመሪያው በ3 ሳ.ሜ. ይረዝማል፤ የጣሪያውም ጫፍ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ሽቅብ የሚሄድ ይሆናል። መፍትሔው አንድ ናሙና ወራጅ ቆርጦ፣ በቀለም ምልክት አድርጎ፣ ሁሉንም በእሱ ብቻ መለካት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የባሕር ዛፍ ዘንግ ክብና ወደ ጫፉ የሚቀጥን መሆኑ ነው። በመሥመር መሠለፍ ያለበት ሞራሌው የሚያርፍበት የወራጁ የላይ ፊት ነው። ስለዚህ ወፍራም ጫፎች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ፣ ወደ ግድግዳው፣ እንዲሆኑ ይደረጋል፤ የቀረው ልዩነት በማረፊያ ቁርጡ ጥልቀት ይስተካከላል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በርዝመቱ የሚያጥረው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ስሌቱ አይናወጥም፤ በውፍረቱ ግን ይሸሻል፣ ይጠመዘዛል፣ ሚስማሩም ይላላል። ቆርቆሮ ከመመታቱ በፊት ዘንጉ እንዲደርቅ ጊዜ መስጠት ወይም ከደረቀ በኋላ መገጣጠሚያዎቹን ዳግም ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ስሌቱን በመሬት ላይ መፈተን ነው። ካልኩሌተር በሌለበት እንኳ በደልዳላ መሬት ላይ በችካልና በሲባጎ 3 ሜትር አግድም፣ 1.09 ሜትር ቁመት ይወጣል። ቀጤ ማዕዘኑ በ3፣ 4፣ 5 ልክ ይረጋገጣል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ሲባጎ የወራጁ ርዝመት ነው። የመጀመሪያው ጥንድ ወራጅ በዚህ ሥዕል ላይ ተጋድሞ ካልገጠመ ቤቱ ላይም አይገጥምም፤ ስሕተቱ ግን አንድ ዘንግ ብቻ ያስከፍላል።

6. ተዳፋትና የዝናብ ውኃ

የቆርቆሮ ጣሪያ የውኃ መሰብሰቢያም ነው። እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ ግምት መታረም አለበት፤ ተዳፋቱ የበረታ ጣሪያ ብዙ ቆርቆሮ ስላለው ብዙ ውኃ አይሰበስብም። የሚቆጠረው በመሬት ላይ የሚያርፈው ጥላ ያህል ስፋት ነው። የናሙናው ቤት ቆርቆሮ በ20° 69 ካሬ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሚሰበስበው በ7.2 × 9 = 64.8 ካሬ ሜትር ልክ ነው። በዚህ ስፋት ላይ የሚወርድ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 64.8 ሊትር ውኃ ነው። ከመርጨትና ከመትነን የሚጠፋው ተቀንሶ 80% ቢያዝ የ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 518 ሊትር ይሰጣል። ተዳፋቱ የሚለውጠው የውኃውን መጠን ሳይሆን ፍጥነቱን ነው፤ የተሻለ ተዳፋት ያለው ጣሪያ አቧራውን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስለሚያጥብ ቀጥሎ የሚመጣው ውኃ የጠራ ይሆናል።

7. ማጠቃለያ

ከስሌቱ አራት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ከ10° እስከ 20° ባለው ክልል ተዳፋት ሲጨመር የወራጅ ርዝመት የሚያድገው ከ5% በታች በመሆኑ ጣሪያን ዝቅ ማድረግ የቆርቆሮ ቁጠባ ነው ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ተዳፋትና ታዛ የሚመረጡት ከቆርቆሮው ርዝመት ተነሥቶ ሊሆን ይገባል። ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮና 6 ሜትር ስፋት ላለው ቤት 20° ተዳፋት ከ60 ሳ.ሜ. ታዛ ጋር ያለ ብክነት ይገጥማል። የቤቱ ስፋት ወይም የቆርቆሮው ርዝመት ሲለወጥ መልሱም ስለሚለወጥ ሊወሰድ የሚገባው ቁጥሩ ሳይሆን አካሄዱ ነው። ሦስተኛ፣ ተዳፋት «በአንድ ሜትር ሳንቲ ሜትር» ቢነገር የዲግሪና የመቶኛ ግራ መጋባት ይወገዳል። አራተኛ፣ አንድ ናሙና ወራጅና በመሬት ላይ የተሣለ ጎነ ሦስት ስሌቱን ከወረቀት ወደ ቤቱ ሳይዛባ ያደርሱታል።

ለደሴና ለኮምቦልቻ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ትምህርቱ ሲሰጥ ወራጅ፣ ታዛ፣ ማገር፣ ሞራሌና አሸንዳ የሚሉት ቃላት ከቀመሩ ጋር አብረው ቢገቡ መልካም ነው። አናጺው ሥራውን የሚያስበው በእነዚህ ቃላት ነው፤ ቀመሩ በማያውቀው ቋንቋ ብቻ ከተማረው ከመማሪያ ክፍል ወደ ግድግዳው ራስ አብሮት አይወጣም። የጎጆው ባለሙያ ገመዱን ከግማሽ ስፋት ወደ ምሰሶ ሲያነሣ የያዘው ስሌት ይኸው ነበር፤ ለቆርቆሮው ቤት የቀረው ያንን ገመድ በአንድ ማባዣ ማስረዘም ብቻ ነው።